ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ኢርፎንስ?

አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ሲሉ፣ ሰው ስለ ራሱ የሚወራውን ከሁሉ ኋላ የሚሰማው ራሱ ነው ለማለት ነው። በድምፅ እንጀራ የምንበላ እኛ የመካኒሳ ልጆች ግን ተረቱን ቃል በቃል መውሰድ እንወዳለን። ጆሮ በእርግጥም ባዳ ነው። እየተጎዳ ለባለቤቱ አይናገርም፤ እየዋሸም ፊቱ አይቀላም። ማታ ታክሲ ውስጥ «አበደ!» የተባለለት ሚክስ፣ ጠዋት በሌላ ሰው ስፒከር ሲከፈት ጭቃ ሆኖ የሚገኘው በዚሁ ባዳ የተነሳ ነው።

በእኛ ዕድሜ ካሉ ፖድካስተሮች፣ የሬዲዮ ፍሪላንሰሮች፣ የመዝሙርና የሰርግ ቪዲዮ ኤዲተሮች ጋር በተገናኘን ቁጥር የማትቀር አንዲት ጥያቄ አለች፤ «መንገድ ላይ ሚክስ የማደርግበት ምን ዓይነት ኢርፎን ልግዛ?» ጥያቄዋ ቀላል ትመስላለች። መልሱ ግን ሁልጊዜ የስም ጥሪ ይሆናል። አንዱ የጃፓን ስም ይጠራል፣ ሌላው የጀርመን፣ ሦስተኛው አጎቱ ከአሜሪካ ያመጣለትን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር የቡናና የጊዮርጊስ ደጋፊዎችን ያስንቃል።

እኛ አቋማችንን ከመጀመሪያው እናስቀምጥ። ለመንገድ ሥራ ጥሩ ኢርፎን ማለት፣ ቮልዩሙን ዝቅ አድርገን ሁሉንም ነገር እንድንሰማ የሚያደርገን ነው። ስሙ፣ ዋጋው፣ ውስጡ የተደረደሩት ትንንሽ ስፒከሮች ብዛት፣ ሁሉም ከዚህ ወረፋ ኋላ ይቁሙ። ለምን እንደዚህ እንደምንል በዝርዝር እንነጋገር።

ለመሆኑ ለምን ታክሲ ውስጥ?

ስቱዲዮ ውስጥ ያደጉ ታላላቆቻችን ይህን ርዕስ ሲሰሙ ምን እንደሚተርቱ እናውቃለን፤ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። እውነት አላቸው። ነገር ግን መቀመጫ አጥተን እንጂ ሩጫ አምሮን አይደለም። ስቱዲዮ በሰዓት ይከፈልበታል። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ የጎረቤትን የቡና ሙቀጫ ሳይሸራርፍ ያሳልፋል። መብራት በፈለገው ሰዓት ይሄዳል፣ በፈለገው ሰዓት ይመጣል። በሌላ በኩል፣ ከመካኒሳ በሳር ቤት አድርጎ ሜክሲኮ ለመድረስ ከሰልፉ ጀምሮ «ወራጅ አለ» እስከሚባል ድረስ የሚባክነው ጊዜ፣ ደርሶ መልሱ በሳምንት ቢደመር አንድ የሥራ ቀን ይወጣዋል። ይህን ቀን መጣል የሚችል ሀብታም በመካከላችን የለም።

ቢሆንም ታክሲ ውስጥ ሁሉም ነገር ይሠራል አንልም። ቃለ መጠይቅ መቁረጥ ይቻላል። ሳልና «እ...» ማውጣት ይቻላል። የእንግዳውንና የጠያቂዋን ድምፅ ማመጣጠን፣ ሙዚቃው ከንግግሩ ሥር መቼ እንደሚገባ መወሰን ይቻላል። የቤዙን የመጨረሻ ልክ፣ የማሚቶውን ጥልቀት፣ መሣሪያዎቹ ግራና ቀኝ ምን ያህል እንደሚራራቁ መወሰን ግን ለቤት ይቆይ። ኢርፎን የምንመርጠው ለመጀመሪያዎቹ ሥራዎች ነው፤ ለሁለተኞቹ ንጉሥ የሚሸጠው ኢርፎን ቢመጣም ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የዴሲቤል ሒሳብ

ሚኒባስ ውስጥ ያለውን ጫጫታ እናስብ። ሞተሩ አለ፣ የማይዘጋው መስኮት አለ፣ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! የሞላ!» የሚለው ረዳት አለ፣ የሹፌሩ ሬዲዮ አለ። ለስሌት እንዲመቸን ጠቅላላውን 75 ዴሲቤል እንበለው። ከስልክ ጋር የሚሰጠው፣ ጆሮ ደጃፍ ላይ የሚንጠለጠለው ኢርፎን ይህን ጫጫታ ከሞላ ጎደል እንዳለ ያስገባዋል። ስለዚህ የእንግዳችንን ትንፋሽና የቆረጥንበትን ስፌት ለመስማት፣ ከጫጫታው አስር አስራ አምስት ዴሲቤል በላይ መውጣት ግድ ይሆናል። 85 እና 90 ላይ ደረስን ማለት ነው። ጆሮን በደንብ የሚያሽግ ኢን-ኢር ከጫጫታው ላይ 25 ዴሲቤል ቢቀንስልን ግን ውስጥ የሚቀረው 50 ብቻ ነው። ያን ጊዜ በ65 ወይም በ70 ዴሲቤል ሁሉም ነገር ይሰማል።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስለን። ናዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም የሚጠቀምበት ልክ፣ ለ85 ዴሲቤል በቀን ስምንት ሰዓት ይፈቅዳል። ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ አራት ሰዓት፣ 91 ላይ ሁለት፣ 94 ላይ አንድ፣ 100 ላይ አሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት መለኪያ ደግሞ፣ በኢርፎን ለሚያዳምጥ አዋቂ ሰው የተቀመጠው ልክ በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ነው። ይኸው የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ላይ 1.1 ቢሊዮን ወጣቶች በአደማመጥ ልማዳቸው ምክንያት የመስማት ችሎታቸው ለአደጋ ተጋልጧል ብሎ ነበር። ሌላው ሰው ይህን ልክ የሚያልፈው ለመዝናናት ነው፤ እኛ ደግሞ ለሥራ ስንሰማ ውለን ማታ ለመዝናናት እንደገና እንሰካዋለን።

ጫጫታው ሥራውንም ያበላሻል። የሞተር ጉርምርምታ ወፍራም ድምፅ ስለሆነ የቤዝ ጊታሩንና የከበሮውን ሆድ ይሸፍነዋል። ኤዲተሯ ቤዝ ያነሳት ይመስላትና ትጨምራለች። ቤት ሲደርስ ሞተሩ የለም፤ የተጨመረው ቤዝ ግን አለ፤ ዘፋኙን ውጦ ቁጭ ብሏል። በላዩ ላይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ያሳዩት የጆሮ ጠባይ አለ። ድምፅ ከፍ ሲል ወፍራሙም ቀጭኑም ጎልቶ ይሰማናል፤ ዝቅ ሲል ግን ቤዙ ቀድሞ ከጆሮ ይርቃል። ስለዚህ ቮልዩሙን በየፌርማታው ከፍ ዝቅ የምታደርግ ሰው በየፌርማታው ጆሮዋን እየቀየረች ነው የምትሠራው። መፍትሔው አንድ መጠነኛ ከፍታ መርጦ፣ ቁጥሩን አስታውሶ፣ ሁልጊዜ እዚያው ላይ መሥራት ነው። ይህ የሚቻለው ደግሞ ውጭው ሲጮህ ውስጡን የማይረብሽ ኢርፎን ሲኖር ብቻ ነው።

«ታዲያ ጫጫታ የሚያጠፋውን የብሉቱዝ ኢርፎን ለምን አንገዛም?» የሚሉ አሉ። ለማዳመጥ ግሩም ነው፤ በተለይ አውሮፕላን ውስጥ ያለውን የማያቋርጥ እምምታ ድምጥማጡን ያጠፋዋል። ለሚክስ ግን ሁለት ችግር አለበት። አንደኛ፣ ጫጫታውን የሚያጠፋው ኮምፒውተር የእኛንም ድምፅ በራሱ መንገድ እያቀናበረ ነው የሚያቀርብልን። ሁለተኛ፣ ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ስለሚልክ ይዘገያል፤ መዘግየቱም ብዙ ጊዜ ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ሚሊ ሰከንድ ከዚያም በላይ ነው። ፖድካስት ለምትሰማ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ቃል መሀል ቢላ ለምታሳርፍ ኤዲተር ግን ብዙ ነው። ሽቦ ያረጀበት ፋሽን ቢሆንም ሥራው ላይ አላረጀም። ጃክ የሌለው ስልክ የያዘ፣ ትንሿን የዩኤስቢ መሰኪያ ገዝቶ ኪሱ ውስጥ ያኑር።

ማሸግ ነው ነገሩ

ኢን-ኢር ሞኒተር የተወለደው ጫጫታ ከመሸሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 ኢቲሞቲክ የተባለ የመስማት ምርምር ኩባንያ ኢአር-4 የሚባለውን ሞዴል አወጣ፤ የኩባንያው ስም ራሱ «ለጆሮ ታማኝ» እንደማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ የቫን ሄለን ባንድ የመድረክ ድምፅ ባለሙያ የነበረው ጄሪ ሃርቪ፣ መድረክ ላይ ራሱን መስማት ለቸገረው ከበሮ መቺ ለአሌክስ ቫን ሄለን በጆሮው ልክ ሞኒተር ሠራለት፤ አልቲሜት ኢርስ የሚባለው ኩባንያም ከዚያ ተነሳ። ሁለቱም ታሪኮች ስለ ቤዝ ሳይሆን ስለ መዝጋት ናቸው።

ስለዚህ ካርቶኑ ሲከፈት መጀመሪያ መታየት ያለበት ጫፉ ላይ የሚገቡት ላስቲኮች ናቸው። ሦስት መጠን አብሮ ይመጣል፤ ብዙዎቻችን መሀከለኛውን ሰክተን ሌሎቹን መሳቢያ ውስጥ እንረሳቸዋለን። ግራና ቀኝ ጆሮ አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላል፤ በአንዱ ትንሹን፣ በሌላው መሀከለኛውን ማድረግ ነውር የለበትም። ጠበብ ያለ የጆሮ ቀዳዳ ላለን ደግሞ፣ በተለይ ለእኛ ለሴቶቹ፣ አፉ ወፈር ያለ ኢርፎን የቱንም ያህል ቢወደስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያሳምም ሚስማር ይሆናል። ሽቦው ከጆሮ በላይ ዞሮ በኋላ የሚወርደው ዓይነት ከሹሩባና ከጆሮ ጌጥ ጋር መጀመሪያ ይጣላል፤ ከሳምንት በኋላ ይታረቃሉ። ጥቅሙ ታክሲ ውስጥ ክርን ሲነካው አለመንቀሉ ነው።

የስፖንጅ ጫፍ ከላስቲኩ የተሻለ ያሽጋል፤ ግን ያረጃል፣ ይቆሽሻል፣ መለወጫ ማግኘትም ይከብዳል። የሚጠቀም ሰው በጣቱ አጥብቆ ጠቅልሎ፣ በሌላ እጁ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ያስገባውና እስኪያብጥ ይዞ ይቆያል። መታሸጉን ማወቅ ቀላል ነው። «እህ» ስንል ድምፃችን ማድጋ ውስጥ እንዳለ ሰው ጭንቅላታችን ውስጥ ከጮኸ ታሽጓል። ካልጮኸ አንድ ቦታ ይተነፍሳል። በሚተነፍስበት በኩል ጫጫታው ይገባል፣ ቤዙ ይወጣል። «ይሄ ኢርፎን ቤዝ የለውም» ተብለው ከሚታሙት ብዙዎቹ ጥፋታቸው በልካቸው አለመጠቀማችን ብቻ ነው።

ከዚህ የተሻለ ፈተና የሚፈልግ የዓለሙ አጋን በገና ይክፈት። በገና አሥር አውታር አለው፤ በአውታሮቹና በመንበሩ መሀል የሚገባው እንዝራ የሚባለው ቁራጭ ቆዳ ያንን የሚነዝር ድምፁን ይሰጠዋል። በደንብ የታሸገ ጥሩ ኢርፎን ወፍራሙን ድምፅና ንዝረቱን ለየብቻ ያሰማናል። የማያሽገው ንዝረቱን ብቻ እንደ ዝንብ ያሰማል። ቤዝ የበዛበት ደግሞ ንዝረቱን በብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። ሦስት ደቂቃ የሚፈጅ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ከየትኛውም የማስታወቂያ ጽሑፍ የሚበልጥ ፈተና ነው።

ለረጅም መንገደኞች አንድ ነገር እንጨምር። ከጎሐ ጽዮን ተነስቶ ወደ አባይ ሸለቆ ሲወረድና ወደ ደጀን ሲወጣ የአየሩ ግፊት ቶሎ ቶሎ ስለሚለወጥ ጆሮ ይደፈናል። በተደፈነ ጆሮ ላይ ኢን-ኢር መጠቅጠቅ ድፍኑን ያብሰዋል፤ በዚያ ሰዓት የሚሰጥ የሚክስ ውሳኔም ዋጋ የለውም። ቁልቁለቱ ላይ ላፕቶፑን ዘግቶ ሸለቆውን ማየት ሙያዊ ግዴታ ነው ብንል አላጋነንም።

ጠ፣ ጸ እና የ«ይመታል» ነገር

የኢርፎን ግምገማዎች በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፉት፤ የሚፈተኑትም በእንግሊዝኛ ዘፈን ነው። እኛ ግን ሚክስ የምናደርገው አማርኛ ነው። አማርኛ ደግሞ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የሚባሉ እየፈነዱ የሚወጡ ድምፆች አሉት። ማይክ አጠገብ «ጸጥታ» የሚል ሰው የተናገረውን ሞገድ ስክሪን ላይ ያየ ምን ማለታችን እንደሆነ ይገባዋል፤ ሁለት ጊዜ ይተኮሳል። የፉጨቱ ስለት ከአምስት ሺህ ኸርዝ በላይ ይሰፍራል። ቃሉን ከቃል የሚለየው ጥራት ደግሞ ከሁለት እስከ አራት ሺህ አካባቢ ነው።

ርካሽ ኢርፎኖች ብዙ ጊዜ «ጥርት ያለ» ለመምሰል ልክ እዚያ ስለት ላይ ይጮኻሉ። በእንዲህ ዓይነቱ የሚሠራ ኤዲተር ጸ ጆሮውን ሲወጋው ከድምፁ ላይ ይቀንሰዋል። አድማጩ ጋ ሲደርስ ጋዜጠኛዋ ጥርሷ የረገፈ ትመስላለች። በተቃራኒው የደበዘዘ ኢርፎን የያዘ ይጨምራል፤ አድማጩ ጋ ሲደርስ እያንዳንዱ ጸ መርፌ ይሆናል። ስለዚህ ኢርፎን ስንሞክር ዘፈን ብቻ ሳይሆን፣ የምናውቀውን ሰው ንግግር፣ ቢቻል በአካል ደጋግመን የሰማነውን ድምፅ እንክፈት። እናታችን በቮይስ የላኩልን መልእክት ከማንኛውም ኦርኬስትራ የተሻለ መለኪያ ነው። የእርሳቸውን ድምፅ ማንም ኢርፎን ሊያታልለን አይችልም።

መጥበቅና መላላትም አለ። «ይመታል» ሲላላ ዱላ ያነሳውን ሰው ነው፤ ሲጠብቅ ዱላ የሚያርፍበትን። በጽሑፍ አንድ ናቸው። በድምፅ የሚለያቸው በከፊል ት ላይ ያለችው የመቶኛ ሰከንዶች እገታ ናት። ባዶ ጊዜ እያደነ የሚቆርጥ አውቶማቲክ መሣሪያ፣ ወይም ከልክ ያለፈ የጫጫታ ማጥፊያ፣ ይችን እገታ እንደ ዝምታ ቆጥሮ ሊያሳጥራት ይችላል። ዜና ላይ መቺውና ተመቺው ቦታ ሲለዋወጡ ምን እንደሚከተል ጋዜጠኝነት ለተማርን ሰዎች ማስረዳት አያስፈልግም። ይህን ስህተት የሚይዘው ጸጥ ባለ ጆሮ መስማት ብቻ ነው። ጫጫታ ውስጥ ግን የጠበቀውም የላላውም አንድ ይሆናል።

ስም፣ ዋጋ እና የዘመድ ሻንጣ

ገንዘብ እንነጋገር። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻግሯል። መቶ ዶላር የሚባለው ኢርፎን ስድስት ሺህ ብር ሳይሞላ የነበረው፣ ከአሥር ሺህ በላይ ሆነ ማለት ነው። ለጀማሪ ፍሪላንሰር ይህ ቀልድ አይደለም።

ደግነቱ ከዋጋው በተቃራኒ የሄደ ነገርም አለ። ባለፉት ዓመታት ሙንድሮፕን የመሳሰሉ የቻይና ኩባንያዎች ከ20 እስከ 25 ዶላር የሚሸጡ፣ ሚዛናቸውን የጠበቁ ባለሽቦ ኢን-ኢሮች አውጥተዋል። ከጀርባቸው ሾን ኦሊቭና ባልደረቦቹ በሃርማን ኩባንያ ያደረጉት፣ ብዙ ሰው ሚዛናዊ ነው የሚለው ድምፅ ምን እንደሚመስል የለየ ጥናት አለ። ውጤቱ በይፋ ስለታተመ ማንም ፋብሪካ ሊከተለው ይችላል። ጫጫታ በመዝጋት የታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሹር ኤስኢ215ም ቢሆን በአንድ ስፒከር ብቻ ነው የሚሠራው። ስለዚህ «የእኔ በያንዳንዱ ጆሮ አምስት ስፒከር አለው» የሚል ወዳጅ ሲያጋጥመን እንኳን ደስ ያለህ ብለን እናልፈዋለን። አምስት ወጥ ሠሪ አንድ ድስት ላይ ቢቆሙ ወጡ ይጣፍጣል ማለት አይደለም።

ከስፒከሩ ብዛት ይልቅ ሽቦው ተነቅሎ የሚለወጥ መሆኑን እንይ፤ መጀመሪያ የሚበላሸው እርሱ ነውና። ሽቦው ሲበጠስ ሙሉውን መጣል፣ ጎማ ሲፈነዳ መኪና እንደ መጣል ነው። ኮፒውና ኦሪጅናሉ በአንድ መደርደሪያ በሚሸጡበት ገበያ ደግሞ ስሙን ማመን ከባድ ነው። መርካቶም ይሁን መገናኛ፣ የራሳችንን የላስቲክ ጫፍ፣ የራሳችንን ፋይልና በአልኮል የራሰ ጥጥ ይዘን እንሂድ። «ሳልሰማ አልገዛም» ማለት ድፍረት አይደለም። ጨርቅ ሳንዳስስ የማንገዛ ሰዎች፣ የድምፅ ዕቃ ሳንሰማ ለምን እንገዛለን? ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለን ደግሞ ውድ የሆነ አንድ ከምናስመጣ፣ ርካሽ ሚዛናዊውን አስመጥተን የተረፈውን ለመለወጫ ጫፎችና ለሽቦ ብናውለው ይሻላል።

ኢርፎን የማይነግረን

የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን ኢን-ኢር የሚደብቀን ነገር አለ። ክፍል ውስጥ ባለ ሁለት ስፒከር ስንሰማ የግራው ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሯችንም ይደርሳል፤ ኢርፎን ላይ ግን ግራው ለግራ ብቻ፣ ቀኙ ለቀኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ከሚገባው በላይ የተራራቀ፣ ማሚቶውም ከልኩ በላይ ጎልቶ የተሰማ ይመስለናል። ቅድም ለቤት ይቆይ ያልነው ለዚህ ነው።

አድማጫችን የት ነው ያለው የሚለውም ጥያቄ አለ። ኤፍኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፣ ሸገር 102.1 ደግሞ በ2000 ዓ.ም. ሥርጭት ሲጀምሩ የከተማው ትልቁ የማዳመጫ ክፍል ሆኖ ያገኙት ታክሲ ነበር። ዛሬም በሰማያዊና ነጩ ሚኒባስ በር ላይ የተገጠመው፣ አንዳንዴም ከሁለቱ አንዱ ብቻ የሚሠራው ስፒከር የሥራችን የመጨረሻ ዳኛ ነው። ሌላው ዳኛ የስልክ ስፒከር ነው፤ እርሱ ደግሞ ወፍራሙን ድምፅ ከሞላ ጎደል አያውቀውም። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ግራና ቀኙን አንድ ላይ አጥፎ መስማት፣ በስልክ ስፒከር መስማት፣ ከተቻለ ታክሲ ውስጥ ማስከፈት ነው። የድምፁን ጠቅላላ ጉልበት ለጆሮ አንተወው፤ መለኪያው ይንገረን። ለፖድካስት አፕል የሚመክረው 16 ሲቀነስ ሉፍስ ነው፤ ይህ ቁጥር ጫጫታ ውስጥም አይለወጥም።

የዕቃ አምልኮ ለሚያጠቃን ደግሞ ሁለት ታሪክ። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ያማሃ ኤንኤስ-10 ለቤት የተሠራ ስፒከር ነበር፤ ለጆሮ ጣፋጭ አልነበረም። ግን ጉድለትን ስለሚያጋልጥና ባለሙያዎች ጠባዩን ስለለመዱት በዓለም ስቱዲዮዎች ሁሉ ነገሠ። ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ አምሐ እሸቴ የመንግሥትን የሸክላ ሞኖፖል ተጋፍቶ እ.ኤ.አ. በ1969 አምሐ ሪከርድስን ሲመሠርት በእጁ የነበረው መሣሪያ ዛሬ በአንድ ስልክ ውስጥ ካለው ያነሰ ነበር። ባንዱና ዘፋኙ አብረው ተጫውተው የቀረጿቸው እነዚያ ሸክላዎች ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮፒክስ ሲዲዎች ዓለምን ዞረዋል። ዛሬም ታክሲ ውስጥ ቢከፈቱ ቃሉ ይሰማል። የለመዱት ርካሽ ዕቃ ካልለመዱት ውድ ይሻላል የምንለው ከዚህ ተነስተን ነው። የተገዛውን ኢርፎን ቢያንስ አንድ ወር በማይጎረብጡን፣ ልባችን በሚያውቃቸው ቀረጻዎች ላይ እንልመደው፤ ከዚያ በኋላ በእርሱ ላይ ፍርድ እንስጥ።

ባዳውን ማዝመድ

የዶሮን ጆሮ ማን ይቀናበታል? እኛ እንቀናለን። ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ድምፅን የሚቀበሉ፣ ጸጉር መሳይ ጫፍ ያላቸው ሕዋሳት አሉ። በሰው ጆሮ እያንዳንዳቸው ከ15 ሺህ እምብዛም አይበልጡም፤ የሞተው አይተካም። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ግን የጫጩት ጆሮ በጫጫታ ሲጎዳ ሕዋሳቱን መልሶ ያበቅላል። ለፋሲካ የምትታረደው ዶሮ ያላትን ጸጋ እኛ አላገኘንም። ሌሊት ሁሉም ጸጥ ሲል ጆሮ «ጭው» ማለት ከጀመረ፣ ባዳው የላከው የመጀመሪያ ደብዳቤ ነው።

እዚሁ መካኒሳ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በአሜሪካ ሚሲዮናውያን የተከፈተ፣ በአገራችን ከቀደሙት አንዱ የሆነ መስማት የተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት አለ። በምልክት ቋንቋ የሚሳሳቁት ተማሪዎች ሙሉ ሕይወት ያለ ድምፅ እንደሚኖር ያሳዩናል፤ ቋንቋቸውም የማንም ቋንቋ ግማሽ አይደለም። እኛ ግን የመረጥነው ሙያ ጆሮ ይፈልጋል፤ ሌላ ካፒታልም የለንም። ላፕቶፕ በብድር ይገዛል፤ ማይክ ከጓደኛ ይለመናል።

ማሸግ የራሱ አደጋ እንዳለው ሳንናገር አንጨርስም። ሁለቱንም ጆሮ ደፍኖ ጀርመን አደባባይን መሻገር ሚክስ ሳይሆን ዕጣ ማውጣት ነው። ተሳፍረን ስንቀመጥ እንሰካ፤ «ወራጅ» ከማለታችን በፊት እንንቀል። ሒሳብ የሚጠይቀን ረዳትም፣ አጠገባችን ተቀምጠው «ልጄ፣ አቦ ደረስን እንዴ?» የሚሉን እናትም ሰው ናቸው፤ ቢያንስ ለእነርሱ አንዱን ጆሮ እናውጣ።

የያዝነው ኢርፎን ለዚህ ሥራ ይሆን አይሆን ለማወቅ ደግሞ ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም። ዛሬ ማታ ታክሲ ውስጥ ስንሠራ የነበርንበትን ቮልዩም ሳንነካ ቤት እንግባ። በሩን ዘግተን፣ ጸጥታው እስኪሰማን ጠብቀን፣ ያንኑ ፋይል በዚያው ቮልዩም እንክፈት። ድምፁ ካስደነገጠን፣ መንገዱን ሁሉ ጆሯችን ላይ ሲጮህ የዋለው እርሱ ነበር። ካላስደነገጠን ዕቃችን ደህና ነው፤ ስሙ ማንም ይሁን።